የቤቱ አስተርጓሚ

የብርሃን ጠቋሚውን አንዲት ቀይ ነጥብ ላይ አሳርፎ ወደ ተማሪዎቹ ዞረና፣ "ኮምፒውተሩ እዚህ ጋ ምን አይቶ ነው የደነገጠው?" ሲል ጠየቀ።

የአዳራሹ መጋረጃ ተዘግቷል። ውጭው ከንጋት ጀምሮ ጭጋግ ነው። ከጣሪያው የተንጠለጠለው መሣሪያ ግድግዳው ላይ የሚረጨው ፊደል ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ እያለ በረድፍ በረድፍ ይወርዳል። ግማሹ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ግማሹ በመምህሩ ግንባርና ሸሚዝ ላይ ያርፋል። ሲራመድ ፊደሎቹ አብረውት የሚዋኙ ይመስላሉ።

"አንድ ፊደል ጎድላ ነው" አለ ከፊት የተቀመጠ ተማሪ።

"ከምን ጋር ስትተያይ ነው የጎደለችው?"

"ከማመሳከሪያው ጋር።"

መምህሩ በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው የሰውን ዘረመል በኮምፒውተር ማንበብ ነው። ከትንሽ ምራቅ ወይም ከጠብታ ደም የሚገኘው ጽሑፍ ተበጣጥሶ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙ ብጣሹን ሁሉ ማመሳከሪያ ከሚባለው ረጅም ጽሑፍ ጎን እያስጠጋ ቦታ ቦታውን ያስይዘዋል፤ ያልተስማማው ላይ ቀይ ያበራበታል። ይህን አሁን የበራውን ገጽ በየዓመቱ ያሳያል። ለተማሪዎቹ "ከአንድ ቤተሰብ የተገኘ ናሙና ነው" ይላቸዋል እንጂ፣ የአባቱ መሆኑን ነግሯቸው አያውቅም።

"ዶክተር፣ ማመሳከሪያው ግን የማን ነው?" አለች ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ።

"የጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች ነው። ከዚህም ከዚያም ተቀጣጥሎ የተሠራ።"

"ታዲያ እነሱ ትክክል፣ ሌላው ስህተት የሚባለው ቀድመው ስለተመዘገቡ ነው?"

ተማሪዎቹ ሳቁ። መምህሩም ፈገግ አለ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለዋል። "ስህተት መች አልኩ? ልዩነት ነው ያልኩት። ስህተት የምንለው..." ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ በሩ ላይ ባለችው ጠባብ መስታወት በኩል ሁለት ነጫጭ እጆች አየ።

እጆቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ኮሪደሩ ደብዝዟል፤ እጆቹ ግን እስከ አንጓቸው ጄሶ ለብሰው፣ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ዓሣ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። "ና፣ ውጣ" አሉት።

ታላቅ እህቱ ናት። ከጥርስ ሐኪሞች ጋር ነው የምትሠራው፤ ጥርሱን ላጣ ሰው ጥርስ የምታበጅ ባለሙያ ናት። እሷም እንደ አባታቸው ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። በሥራ ሰዓት ጄሶዋን እንኳ ሳትታጠብ የመጣችበት ጊዜ ትዝ አላለውም።

አፉን ለተማሪዎቹ ትቶ ግራ እጁን ከጠረጴዛው ጎን፣ ወደ በሩ በኩል ዝቅ አደረገና፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አላት በምልክት። አፉና እጁ ለየብቻ ሲያወሩ እሱን አይከብደውም፤ ሁለት ቤት የሚያድር ሰው የሁለቱንም ቁልፍ ኪሱ ውስጥ በዳሰሳ እንደሚለይ ማለት ነው።

"ስህተት የምንለው መሣሪያው ራሱ አሳስቶ ያነበበውን ነው" አለ አፉ።

"የምን መርፌ ነው?" አሉ ነጫጮቹ እጆች።

አፉ ላይ የነበረው ቃል ተቆረጠ። ተማሪዎቹ ጠበቁት። ግንባሩ ላይ ያረፉት ፊደሎች አልተንቀሳቀሱም።

"ለዛሬ ይብቃን" አለ።

ኮሪደሩ ውስጥ ስልኳን ከፍታ አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። ከባለቤቱ የተላከ መልእክት ነው፦ "እትዬ፣ ዛሬ ከሰዓት ለመርፌው አብረሽኝ ትሆኛለሽ? እሱ አይዞሽ ይለኛል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ።"

አንብቦ ሲጨርስ ስልኩን መለሰላት። ባለቤቱ ለእህቱ አስቀድሞ እንደነገራት አድርጋ ነው የጻፈችው። እንደማንኛውም ሰው አስባ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእህት ይነገራል።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ" አለች እህቱ እጇን እያወናጨፈች። "የእኔስ ድሮም ባዳ ነው። ለዚህ ብለን አይደል እንዴ አንተን የቀጠርንህ?"

"ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ካለፈ በኋላ።"

እጅጌውን ይዛ ወደ ደረጃው ጎተተችው።

የግቢው አትክልት ቦታ በጭጋግ ተውጧል። ዛፎቹ ግንዳቸው ብቻ ቀርቶ ወደ ላይ የት እንደገቡ አይታወቅም። ተማሪዎች ከነጩ ውስጥ እየወጡ ሰላምታ ሰጥተውት እንደገና ነጩ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ባለ ቀን የማይሰሙ ሰዎች እንደሌላው ቀን ተራርቀው ማውራት አይችሉም፤ እጅ ለእጅ እስኪነካካ ድረስ መቀራረብ አለባቸው። ወንድምና እህት አንዲት እርጥብ አግዳሚ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ተጠማዝዘው ተቀመጡ።

ነገራት። ሁሉንም ባያውቅ ኖሮ ይቀለው ነበር፤ ማወቁ ግን ሥራው ነው። ያቺን አንዲት የጎደለች ፊደል መጀመሪያ ያገኛት እሱ ራሱ ነው፤ ገና ተማሪ ሳለ፣ አባቱንና እህቱን ምራቃቸውን ለምኖ። አባታቸው ያኔ በሕይወት ነበሩ። "እስከ ዛሬ ምራቄን የፈለገ ሰው አላጋጠመኝም" ብለው እየሳቁ ብልቃጧን ሞሉለት። ውጤቱን ይዞ ሲመጣና አንዲት ፊደል ብቻ እንደጎደለቻቸው ሲያስረዳቸው፣ "አንድ ብቻ? እኔ ስጽፍ ከዚያ የበለጠ ነው የማስቀረው" ነበር ያሉት። አናጺ ነበሩ። እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ አይወርድም፤ "ታዲያ ጆሮ ሌላ ምን ሥራ አለው?" ይሉ ነበር።

አባታቸው ጉድለቲቱን ሁለት ጊዜ ተሸክመው ነበር፤ እህቱም እንደዚያው። እሱ ግን አንዴ ብቻ ነው የወሰዳት፤ አንዷ ብቻዋን ምንም አታደርግም፣ ተኝታ ትኖራለች። ባለቤቱ ካረገዘች በኋላ ደሟ ሲመረመር ያቺው ፊደል እሷም ጋ ጎድላ ተገኘች። ልጁ ከሁለቱም ከወሰደ አይሰማም። ከአራት አንድ ነው ዕድሉ። ዛሬ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ከሽርት ውሃው ጥቂት ይቀዳና ቁርጡ ይታወቃል።

እህቱ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠው አየችው። ከዚያ መዳፏን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። "እንደ እኔ መሆኑን ለማየት ነው?"

"አዎ።"

"ካወቃችሁ በኋላስ?"

"እንዘጋጃለን።"

"የምትዘጋጁት እንደ ጎርፍ ነው፣ ወይስ እንደ እንግዳ?"

ጭጋጉ በመሃላቸው ቀስ ብሎ አለፈ። ለአፍታ ፊቷ ጠፍቶ ጄሶ የለበሱት ጣቶቿ ብቻ ቀሩ፤ ከዚያ ደግሞ ፊቷ ተመለሰ። ስትቆጣ እጆቿ ይፈጥኑ ነበር፤ አሁን ግን ቀስ ብለዋል፤ ይህ ይበልጥ አስፈራው።

ድንገት አገጩን ያዘችና አፉን አስከፈተችው። "ጥርስህን እያፋጨህ ነው የምትተኛው" አለች ከለቀቀችው በኋላ። "የኋለኞቹ ተበልተዋል። መቼ ጀመረህ?"

"እኔ እንጃ።"

"እሷ ካረገዘች ወዲህ ነው። ጥርስ አይዋሽም።" ጥቂት አሰበች። "እውነቱን ንገረኝ። ልጅህ እኔን ቢመስል ታፍራለህ?"

"እንዴት እንዲህ ትያለሽ?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ደክሞኛል" አለ።

"ከምን?"

እጆቹ ተነሱ፣ አየር ላይ ትንሽ ቆዩ፣ ተመልሰው ጭኑ ላይ ወደቁ። እህቱ ብድግ ብላ ልብሷን አራገፈችና፣ "እንሂድ። እሷን ብቻዋን አናስጠብቃት" አለችው።

ሐኪም ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙ አይርቅም። በእግራቸው ሄዱ። መንገዱ ላይ መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው እንደ ሰነፍ ጥንዚዛ ይሳባሉ። እሱ ድምፃቸውን ይሰማል፤ እህቱ አትሰማም፤ ስለዚህ ከልጅነቱ እንደለመደው በመኪናው በኩል ሆኖ ክንዷን ይዞ ሄደ።

እየሄዱ ሳለ ሐሳቡ ሸሸው። የአባቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ትዝ አለው፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ውስጥ የሚንሳፈፈው የእንጨት ብናኝ፣ በብናኙ መሃል የሚንቀሳቀሱት የአባቱና የእህቱ እጆች። እሱ ጥግ ላይ ሆኖ ሁለቱንም ይሰማል፤ በዓይኑ ማለት ነው። የዚያ ቤት ጸጥታ ባዶ አልነበረም፤ ሙሉ ነበር። ከዚያ በሩ ይንኳኳና ደንበኛ ይገባል፤ ያኔ እሱ ከጥግ ተጠርቶ ወደ መሃል ይወጣል። እናታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ቁመቱ ከጠረጴዛው ሳይበልጥ የቤቱ አፍና ጆሮ እሱ ነበር። አከራይ ሲመጣ፣ መብራት ኃይል ሲመጣ፣ ዘመድ ሲጣላ፣ ጎረቤት ሲታረቅ እሱ ይጠራል። ሰዎቹ አባቱን እያዩ አያወሩም፤ እሱን እያዩ ነው፤ "ለአባትህ እንዲህ በለው" ይሉታል። እህቱ "አፈ ጉባኤው" የሚል የቅጽል ስም አውጥታለት ነበር፤ ሁለት ጣቷን ከከንፈሯ አንስታ በአየር ላይ ትበትናለች። እስከ ዛሬ ስሙ ያው ነው።

የሴቶች ክፍል ኮሪደር ረጅምና ነጭ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር እርጉዝ ሴቶች ተደርድረው፣ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንዳንዶቹ ኮርኒሱን እያዩ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ባለቤቱ መጨረሻ ላይ፣ ትልቁ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ከመድኃኒት ቤቷ ቀጥታ ስለመጣች ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጥላለች። ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ታዜማለች፤ ሥራ ላይም ሆነ ኩሽና ውስጥ እንዲህ ናት፤ ማዜሟን ራሷም አታውቀውም።

"እትዬ፣ መጣሽልኝ" ብላ ተነስታ እህቱን አቀፈቻት። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "በጭጋግ ስላደከምኳት ይቅር በይኝ በላት።"

አላት።

"ምንም አይደለም። ፊትሽ ገርጥቷል፤ ምሳ በልተሻል ወይ በላት" አለች እህቱ።

አላት።

"በልቻለሁ በላት።"

እንዲህ ነው ከተጋቡ ጀምሮ። ሁለቱ ሴቶች ሲገናኙ እሱ በመሃል ይቀመጣል። ባለቤቱ የምታውቃቸው ምልክቶች "ደህና ነሽ"፣ "ብዪ" እና "አመሰግናለሁ" ናቸው። እህቱም የከንፈር ንባብ እምብዛም አይሆንላትም። እሱ ግን ቃል ሳያጎድል ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያሻግራል፤ እንደ መልካም ድልድይ፣ የሚረግጡት ሳያስቡት።

እህቱ ጄሶውን በመሐረብ ጠራረገችና ለወንድሟ ሚስት የምትለውን ነገር መጀመሪያ በልቧ አስተካከለች። ከዚያ እሷን እያየች በእጇ ተናገረች። "ይህን ምርመራ የፈለግሽው አንቺ ነሽ ወይ?"

እሱም በድምፁ አለ፣ "ይህን ምርመራ የፈለግሽው አንቺ ነሽ ወይ ትልሻለች።"

ባለቤቱ ደነገጠች። "እኔ? እሱ ነው እንጂ። ቀጠሮ የያዘልኝም እሱ ነው። እኔማ ሙያው ስለሆነ እኔ የማላውቀው የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ወደኋላ ብል ስለ ልጁ ደንታ የሌለኝ እንዳይመስለው ፈራሁ፤ ወደፊት ብል ደግሞ እትዬን የጠላሁ እንዳይመስል ፈራሁ።"

እጆቹ ቀሩ። በሕይወቱ ከአፍ የወጣውን ሁሉ አሻግሯል፤ ስድብም ሳይቀር። በራሱ ላይ የመጣ ምስክርነት ግን ገና ዛሬ ማሻገሩ ነው።

"ምን አለች?" አለች እህቱ።

"ነገርካት?" አለች ባለቤቱ።

ነገራት። "እሱ ነው የፈለገው አለች" አለ በእጁ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። የቀረውንም ምንም ሳያስቀር ጨመረ።

ሁለቱም ሴቶች ወደ እሱ ዞሩ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰዎች እሱን እያዩ ለሌላ ሰው ያወራሉ፤ አሁን ግን ሁለቱም እሱን እያዩ እሱኑ እየጠበቁት ነው። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ሳለች። ከሩቅ የሚንከባለል አልጋ ድምፅ መጥቶ ሄደ።

"ምን ፈርተህ ነው?" አለች ባለቤቱ ዝግ ብላ።

መናገር ሲጀምር እጆቹም አብረው ተነሱ። ለአንዷ ነግሮ ለሌላዋ መድገም አልቻለም፤ ስለዚህ በአፉም በእጁም አንድ ላይ ሄደ። ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል አይሄዱም፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀው፣ እየተደናቀፈ ነው የተናገረው።

"ልጁ አይሰማም ብዬ አይደለም የፈራሁት። እናታችን ስትታመም እትዬ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች። እኔና አባዬ ነን የነበርነው። ልክ እንዲህ ያለ ኮሪደር ነበር። ሐኪሙ ወጣና አባዬን አላየውም፤ እኔን አየኝ። እናትህ አትድንም፣ ምናልባት ዛሬን አታልፍም፣ ለአባትህ ንገረው አለኝ። ከዚያ ገባ።"

እህቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን አታውቅም ነበር።

"ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም እኮ" አለ። "ገባሽ? እኔ የሰማሁት ለሌላ ሰው ላደርስ ነው። አድርሺ የተባልሽውን ዕቃ ፈትተሽ አታይውም። ለአባዬ ነገርኩት። ደጋግሜ ነገርኩት፤ ያልገባው መስሎኝ። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን በሁለት እጆቹ ያዛቸው። አጥብቆ ያዛቸው። ዝም በል ማለቱ ነው። እንደዚያ ይዞኝ ብዙ ቆየን።"

ሁለቱን መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

"ሁሌም አስባለሁ" አለ። "ልጄ ባይሰማ እወደዋለሁ፣ እሱ ችግር የለውም። ግን በዚህ ሁሉ በር፣ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሲታመም፣ ሲጣላ፣ ሲያገባ፣ መሃል የምቆመው እንደገና እኔ ነኝ። አባትነቱን ለማን ልተወው? አስተርጓሚ ሆኖ አባት መሆን ይቻላል ወይ? ይህንን ነው የፈራሁት። ከአራት አንድ የሆነውን ነገር ቁርጡን ባውቅ፣ ወይ አርፋለሁ ወይ ድካሙን ቀድሜ ደክሜ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው።"

እጆቹ ጭኑ ላይ ወረዱ። ከመስኮቱ ውጭ ጭጋጉ ሳሳ ብሎ ከታች ያለው መንገድ እንደ ሕልም አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል።

መጀመሪያ የተናገረችው ባለቤቱ ናት፤ ዓይኗ ርሷል፣ ድምፅዋ ግን ቁጣ አለው። "ከተጋባን ጀምሮ ምልክቱን አስተምረኝ ስልህ ምን ነበር የምትለኝ?"

ራሷው መለሰች።

"'ተይው፣ እኔ እነግርልሻለሁ።' ስንት ጊዜ? እትዬ ቤት ስንሄድ አንተ እስክትመጣ ተፋጠን ሻይ ነው የምንጠጣው። ሸክሙ ከበደኝ ትላለህ፤ ገመዱን ግን ጠምጥመህ የያዝከው አንተ ነህ። ማን እንዲያግዝህ ነው?"

"ምን አለች?" አለች እህቱ።

አስተረጎመ፤ ገመዱንም ሳይቀር። እህቱ አንዴ እሱን አንዴ ሚስቱን አየችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች ነው ሲል፣ እየሳቀች ነው። ሁለቱም ነበር።

"ይህችን ልጅ ወደድኳት በላት።"

"ገና ዛሬ?" አለች ባለቤቱ ስትሰማ።

"እስከ ዛሬ የማውቃት በአንተ አፍ ነበራ" አለች እህቱ። "የአንተ አፍ ደግሞ ለስላሳ ነው። እሷ ስትቆጣም አንተ አሳምረህ ነው የምታመጣው። እንደዚህ ዓይነት ሰው መሆኗን በምን ልወቅ?"

እውነቷን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ክፉ ቃል በእሱ በኩል ሲያልፍ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ አባቱን እንዳይወጋቸው ብሎ የጀመረው ነገር ነው፤ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ከክፍሉ ነርሷ ብቅ አለች። "ተረኛዋ እናት፣ ግቢ።"

ባለቤቱ ጋውኗን ያዘች፤ አልተነሳችም። "ሲስተር፣ ሌላዋ ትቅደም" አለች።

"ዛሬ ካለፈሽ ሐኪሙን ቶሎ አታገኚውም።"

"ይለፈኝ።"

ነርሷ ባልየውን አየችው፤ እንደ ሁሉም ሰው፣ ከእሱ መልስ ጠብቃ። እሱ ወደ ሚስቱ ጠቆማት። ነርሷ ትከሻዋን ነቅንቃ ሌላ ሴት ጠርታ ገባች።

"እርግጠኛ ነሽ?" አላት ባለቤቱን። "ማወቅ ክፉ አይደለም። ለዚህ ነው ዕድሜዬን የማስተምረው።"

"ክፉ ነው አላልኩም። መርፌውን የምወጋው የማደርገውን የሚለውጥልኝ ቢሆን ነበር።" እጇን ገና ብዙ ያልገፋው ሆዷ ላይ አደረገች። "ቢሰማም ይሄው ነኝ፣ ባይሰማም ይሄው ነኝ። የተወለደ ለታ እሱ ራሱ ይነግረናል። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ብቻህን አፍ አትሆንም። እሱን ነው መዘጋጀት የምለው።"

መልስ ፈለገ። ጥሩ ጥሩ መልሶች ነበሩት፤ ሐኪሙ የሚሰጣቸው ቁጥሮች፣ በጊዜ ማወቅ ለልጁ ቋንቋ ያለው ጥቅም፣ ሌላም። ሁሉም እውነት ናቸው። ከተወለደ በኋላም እውነት ሆነው ይቆያሉ። አገጩ ላላ፤ እስካሁን ጥርሱን ነክሶ መቀመጡን ያወቀው ያኔ ነው።

እህቱ ከወንበሯ ተነስታ ዞረችና በባለቤቱ በኩል ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ መሃል ላይ አልነበረም። መዳፏን በሚስቱ ጀርባ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፈነች። ባለቤቱ ሳታውቀው እንደገና ማዜም ጀምራ ነበር። እህቱ ዜማውን በመዳፏ እስኪበቃት አዳመጠችው። ፊቷ በመስኮቱ ነጭ ብርሃን ውስጥ የተኛ ሰው ፊት መሰለ።

ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ወንድሟን ሳታይ፣ ባለቤቱን ብቻ እያየች፣ ለልጅ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቀስ አድርጋ በእጇ አንድ ነገር አለቻት። ረጅም አልነበረም። እሱ ለምልክቱ አዲስ አይደለምና ገና ሳትጨርስ ገባው።

ባለቤቱ ወደ እሱ ዞረች። "ምን አለች?"

አፉ ተከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደሆነው ሁሉ፣ ሳይጠራ የመጣ።

"እሷን ጠይቂያት" አለ።

"እንዴት አድርጌ?"

ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ተነሳና ወደ መስኮቱ ሄደ። ጭጋጉ እየተነሳ ነው። ከታች መንገዱ ላይ ሰዎች አንድ በአንድ መልክ እየያዙ ይወጣሉ። ከኋላው ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማም። ከዚያ የባለቤቱ አምባሮች ተንሿሹ፤ እጆቿን ማንሳቷ ነው።

አልዞረም።